ከወናፍ እስከ ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፦ የመሣሪያ ታሪክና የእጃችን ደኅንነት

የዛሬው ንግግራችን ስለ መሣሪያ ነው። ስለ ጦር መሣሪያ አይደለም፤ በየቤታችንና በየሥራ ቦታችን ስለሚገኘው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ መጋዝና የብረት መቁረጫ ዲስክ ነው። ስለ ጥንቃቄ ከመናገራችን በፊት ግን ታሪኩን እናስቀድማለን። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የምናያት እያንዳንዷ መከለያና ቁልፍ ያለ ምክንያት አልተቀመጠችምና ነው። የመጣችበትን ምክንያት ያወቀ ሰው ደግሞ በቀላሉ ነቅሎ አይጥላትም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ ያለችው የነሸር ከተማ ስሟ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። እኛ ንስር የምንለውን ዕብራይስጡ ነሸር ይለዋል። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው ከሲሚንቶ ፋብሪካው ሲሆን፣ ፋብሪካውን ያቋቋመው በባኩ የነዳጅ ሥራ ሀብት ያፈራ ሚካኤል ፖላክ የተባለ አይሁዳዊ ነው፤ ሥራ የጀመረውም በ1925 ነው። በዚያው ዓመት የፒንሐስ ሩተንበርግ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በሐይፋ የኃይል ማመንጫውን ከፈተ። እንግዲህ ሲሚንቶውና ኤሌክትሪኩ በዚህ አካባቢ እኩያሞች ናቸው። የቤታችን ግድግዳ የቆመው በአንደኛው ነው፤ ግድግዳውን የምንበሳው ደግሞ በሁለተኛው ኃይል ነው።

አባቶቻችንና ብረት

ስለ መሣሪያ ስንነጋገር እኛ ከባዶ አንጀምርም። ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በደምቢያ፣ በወገራና በሰሜን ሲኖሩ ወንዶቹ ብረት ሠሪዎችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ከዐፄ ይስሐቅ ጋር ከተደረገው ጦርነት ወዲህ ብዙዎች ርስታቸውን ስላጡ የእጅ ሥራ ዋና መተዳደሪያቸው እየሆነ መጣ። በ17ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላም ከመካከላቸው ግንበኛና አናጢ ሆነው በነገሥታቱ ሕንፃዎች ሥራ የተሠማሩ ነበሩ።

የብረት ሠሪው ጓዝ ብዙ አልነበረም። ከቆዳ የተሰፋ ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠትና ሞረድ ካለው ከሰሉን አቀጣጥሎ ማረሻውንም ማጭዱንም መጥረቢያውንም ያወጣዋል። የሚያሳዝነው፣ ያንኑ ማረሻ ገዝቶ የሚያርሰው ሰው ሠሪውን ቡዳ እያለ መሸሹ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን መስደብ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከሰው አፍ ቶሎ አልወጣም።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ሙያው እንዴት ይተላለፍ እንደ ነበረ ነው። ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ወናፍ እየነፋ ለዓመታት ያያል። ብረቱ ሲግል ምን ዓይነት መልክ እንደሚያወጣ፣ መዶሻው በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የጋለው ብረት የት እንደሚቀመጥ በዓይኑ ይማራል። የሚነበብ ወረቀት አልነበረም፤ መመሪያው አባቱ ራሱ ነበር። አደጋውም ቢሆን የሚታይ ነው። እሳቱ ይቀላል፣ ስለቱ ያብለጨልጫል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉልበቱ የሠራተኛው የራሱ ነበር። ክንዱ ሲደክም መዶሻው ይቀዘቅዛል፤ እጁን ሲያቆም መሣሪያውም አብሮ ይቆማል።

እንዲህም ሆኖ አደጋ አልጠፋም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ስለገደለ ሰው ይነገራል፤ ሰውየው ሆን ብሎ አላደረገውምና ወደ መማፀኛ ከተማ እንዲሸሽ ሕጉ ይፈቅድለታል። በምዕራፍ 22 ላይ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣሪያው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ቄሶቻችን ያነበቡልን እነዚህ ሁለት ሕጎች እስከ ዛሬ የሥራ ደኅንነት መሠረት ናቸው ብንል አልተሳሳትንም። የመጀመሪያው ዛቢያህን አጥብቅ ይላል፤ ሁለተኛው ከአደጋው በፊት መከለያ አብጅ ይላል። እኛም በአማርኛ ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን።

በሀገራችን የሰው ጉልበት ለረጅም ጊዜ ብቸኛው ሞተር ሆኖ ኖረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት መድፍ የሚሠሩ አውሮፓውያን አሰባስበው እንደ ነበር ይታወቃል። ንጉሡ በ1866 በቤተ እስራኤል መካከል ይሰብክ የነበረውን ሚስዮናዊ ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ባለሙያዎችና ማሽኖች እንዲመጡላቸው ጠየቁ። ሰዎቹና ዕቃዎቹ እስከ ምጽዋ ከደረሱ በኋላ፣ በታሠሩት አውሮፓውያን ጉዳይ የተነሳ ወደ መሀል አገር ሳይገቡ ቀሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍም ክብደቱ 7 ቶን ያህል ሲሆን፣ በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ ላይ ገደሉን ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ዘመናዊ ኃይል ወደ ገጠር የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። የቆቃ ግድብ በ1960 ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሲጀምር የጎንደር ገጠር መንደሮች ብርሃን ገና ኩራዝ ነበረ።

የማይደክመው ክንድ

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ መሣሪያ እንምጣ። በ1889 በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ አርተር አርኖትና ዊልያም ብሬይን የተባሉ ሰዎች በኤሌክትሪክ ለሚሠራ መሰርሰሪያ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገቡ። በ1895 ደግሞ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ የፋይን ኩባንያ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠራ። ከባድና በሁለት እጅ የሚያዝ ቢሆንም፣ ሠራተኛው ከማሽኑ ዘንድ መሄዱ ቀርቶ ማሽኑ ወደ ሥራው መሄድ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። ከጥንት ጀምሮ ሠራተኛው ሲቆም መሣሪያውም ይቆም ነበር፤ አሁን ግን ሰውየው ቢደክምም፣ ቢደነግጥም፣ ቢወድቅም የማይደክም ክንድ በእጁ ገባ። ከዚያ ወዲህ ያለው የመሣሪያ ደኅንነት ታሪክ በሙሉ ያንን የጠፋውን ማቆም መልሶ በሰው እጅ ለማስገባት የተደረገ ጥረት ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዝን የሚቀረው ሁሉ ይገባናል።

ለምሳሌ የመሰርሰሪያውን ጫፍ የሚይዘውን አፍ እንይ። ጫፉን በኢትዮጵያ ጋራዦች ከጣሊያንኛ በመጣው ቃል ፑንታ ይሉታል፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሞርሳ የሚባሉትም እንዲሁ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጥንት ፑንታው በመፍቻ ይጠብቅ ነበር። አሜሪካዊው አርተር ጄኮብስ በእንዲህ ዓይነቱ አፍ ላይ የጣቶቹን አንጓ ከተጎዳ በኋላ፣ ጥርስ ባለው ትንሽ ቁልፍ የሚጠብቀውን አፍ ፈጠረና በ1902 አስመዘገበ ይባላል። ያ ቁልፍ ዛሬም በብዙ መሰርሰሪያዎች ላይ አለ። ተረስቶ በአፉ ላይ ከቀረ ግን መሣሪያው በተነሳ ቅጽበት ወደ ፊት እንደሚፈናጠር ጠጠር ይሆናል።

ቀጥሎ ቃታው መጣ። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በ1910 ማኅበር የመሠረቱት ብላክና ዴከር የተባሉት ሁለት ሰዎች ከሽጉጥ አያያዝ ሐሳብ ወስደው፣ እጀታና ቃታ ያለውን መሰርሰሪያ በ1917 አስመዘገቡ። ቃታውን ስትስበው ይሠራል፣ ስትለቀው ይቆማል። ይህ ለምቾት የተሠራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ማቆምን ወደ ሰው ጣት የመለሰው እሱ ነው። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ቃታው ተስቦ እንዲቀር የሚያደርግ ትንሽ ቁልፍ አለ። ያን ቁልፍ ተጭኖ መሥራት ለጣት ዕረፍት ይሰጣል፤ ሆኖም መሣሪያውን እንደገና ሰው ሲቆም ወደማይቆም ነገር ይለውጠዋል። መሰላል ላይ ቆሞ ወይም ዲስክ ይዞ ይህን ማድረግ ትልቅ ድፍረት ነው።

መሣሪያው ከፋብሪካ ወደ ቤት የገባበትም ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የጦር ዕቃ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች መሰርሰሪያውን ለቤታቸው ሥራ ይዘው እየሄዱ ማስቸገራቸው ይነገራል። ብላክና ዴከር ይህን አይተው በ1946 ለቤት አገልግሎት የሚሆን ርካሽ መሰርሰሪያ ለገበያ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በየቤቱ ገባ፤ በፋብሪካ ይቆጣጠር የነበረው የሥራ ኃላፊ ግን አብሮት ቤት አልገባም። በቤት ውስጥ የሥራ ኃላፊው የመሣሪያው ባለቤት ራሱ ነው።

በ1954 ደግሞ ፍሌክስ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከረውን የማዕዘን መቁረጫ አወጣ። በኢትዮጵያ ግራይንደር፣ በዚህ አገር ዲስክ የምንለው ነው። በ1961 ብላክና ዴከር ባለ ባትሪውን መሰርሰሪያ አስተዋወቁ፤ በ2005 ዛሬ በሁሉም እጅ የሚገኘው የሊቲየም ባትሪ በኃይለኛ የእጅ መሣሪያዎች ላይ መግጠም ተጀመረ። ገመዱ ቀረ፤ ነቅዬዋለሁ ብሎ መተማመንም አብሮ ቀረ። ባለ ባትሪ መሣሪያ ባትሪው እስካልወጣ ድረስ ሁልጊዜ እንደ ተሰካ ነው።

የማይታየው ጠላት

የአባቶቻችን እሳት ይታይ ነበር። ኤሌክትሪክ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ድምፅም የለውም። ቻርልስ ዳልዚል የተባለ በካሊፎርኒያ በርክሊ የሚያስተምር ፕሮፌሰር፣ ሰው ኤሌክትሪክ የያዘውን ዕቃ ጨብጦ መልቀቅ የሚያቅተው ምን ያህል ሲደርስበት እንደ ሆነ በፈቃደኞች ላይ መረመረ። ለወንዶች በአማካይ 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፔር ያህል ሆኖ አገኘው። ይህ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዲት የመብራት አምፖል እንኳ ከዚህ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ትወስዳለች። እጅን የሚያጣብቀው ሰይጣን አይደለም፤ ጡንቻው በኤሌክትሪኩ ታዞ መጨበጡ ነው። እዚህም ላይ ያው ነገር ነው፤ ሰውየው ማቆም ይፈልጋል፣ እጁ ግን አይታዘዘውም።

ዳልዚል በ1961 ኤሌክትሪክ ወደ ሰው አካል ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያጠፋ መሣሪያ ሠራ። በየቤታችን የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ያለውና በዕብራይስጥ ማምሳር ፓሓት የምንለው የዚሁ ዘመድ ነው። በቤቶች የተለመደው 30 ሚሊአምፔር ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ ነው። በላዩ ላይ ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት መብራቱ ካልጠፋ ማምሳሩ አይሠራምና ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ መጥራት ያስፈልጋል። በአገራችን የወር መባቻን እናከብር ነበርና፣ በየመባቻው ይህን ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫንን ልማድ ብናደርገው ቀኑን አንረሳውም።

በመሰርሰሪያው አካል ላይ ደግሞ አንድ ካሬ በሌላ ካሬ ውስጥ ተስሎ ታያላችሁ። ይህ ምልክት መሣሪያው ድርብ መከላከያ እንዳለው ይነግራል፤ ማለትም በውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ሁለት ግድግዳ ሳያልፍ እጅ ጋ አይደርስም። አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም ገመዱ ከተላጠ ግን ካሬዎቹ ሥዕል ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የተላጠ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሎ ሊሠራበት አይገባም። በ1954 የወጣው የእስራኤል የኤሌክትሪክ ሕግም የኤሌክትሪክ ሥራን ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሰጠው በከንቱ አይደለም።

ማቆምን ወደ ሰው የመመለሱ ታሪክ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። በ1999 ስቲቭ ጋስ የተባለ አሜሪካዊ፣ የመጋዝ ጥርስ ሥጋ ሲነካ ራሱ አውቆ የሚቆም የጠረጴዛ መጋዝ ፈጠረ። ሰከንድ ለአንድ ሺህ ቢከፈል በ5ቱ ያህል ጊዜ ውስጥ ይቆማል። ሆኖም በእጃችን ያለው አብዛኛው መጋዝና ዲስክ እንዲህ ያለ ዘዴ ስለሌለው መከለያው ዛሬም ዋናው ጠባቂ ነው።

ሕጉ፣ እኛና «እሺ» የምትለዋ ቃል

መከለያ በሕግ የታዘዘው በእንግሊዝ አገር በ1844 በወጣው የፋብሪካ ሕግ ነው፤ የሚሽከረከሩ የማሽን ክፍሎች እንዲታጠሩ አዘዘ። እንግሊዞች ይህን አገር ሲያስተዳድሩ በ1946 የፋብሪካዎችን ድንጋጌ አወጡ፤ ከእሱም በ1970 በአዲስ መልክ የተጻፈው የእስራኤል የሥራ ደኅንነት ድንጋጌ መጣ። ማንኛውም አደገኛ የማሽን ክፍል በሚገባ እንዲታጠር ያዝዛል። ቢቱአሕ ሌኡሚ ከሚያዝያ 1954 ጀምሮ በሥራ ላይ የተጎዳን ሠራተኛ መድን ይሸፍናል። በ1997 የወጣው ደንብ አሠሪው ለሠራተኛው መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና የመሳሰለውን እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በ1999 የወጣው ደግሞ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳና እንዲያሠለጥን፣ ሠራተኛውም መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያዝዛል።

ይህ የመጨረሻው ነገር እኛን ይመለከታል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ 14,000 ያህል ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲመጡ፣ ብዙ ብረት ሠሪዎች፣ አናጢዎችና ሸማኔዎች አብረው መጡ። እጃቸው ሙያ የሞላበት ነበር። ነገር ግን አባት ለልጅ በዓይን የሚያስተምርበት መንገድ እዚህ ተቋረጠ። መመሪያው በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ ተጽፎ በሳጥን ውስጥ መጣ፤ ማንበብ የቻለው አባቱ ሳይሆን ልጁ ሆነ።

በዚህ ላይ ጨዋነታችን ተጨመረ። ትልቅ ሰው አልገባኝም ማለት ያሳፍረዋል። የሥራ ኃላፊው በችኮላ ሲናገር፣ ለአክብሮት ስንል «እሺ፣ ገብቶኛል» እንላለን። በአገራችን እሺታ የሰውን ፊት ማክበሪያ ነው፤ እዚህ ግን ኃላፊው የሚሰማው ሥራውን አውቃለሁ ማለታችንን ነው። ዲስኩን ያዝ ተብሎ በእሺታ የተቀበለ ሰው ሳያውቀው በእጁ የያዘው አደጋ ነው። ስለዚህ «አሳየኝ፣ አንተ አንድ ጊዜ ሥራውና ልይ» ማለት ነውር አይደለም፤ ሕጉ የሰጠን መብት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአባቶቻችን የመማር መንገድ ይኸው ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ነው።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትም ትንሽ ነው ተብሎ አይደበቅ። ለአሠሪው ወዲያው ይነገር፤ ቁጥሩ 250 የሆነውን የቢቱአሕ ሌኡሚ ቅጽ አስሞልቶ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ዛሬ ትንሽ የመሰለ ጉዳት ነገ ሊያድር ይችላል።

ከታሪኩ የምንማረው

አሁን ታሪኩን ወደ እጃችን እናምጣ። ከመጀመራችን በፊት መሣሪያውን እንመልከተው። ገመዱ አልተላጠም? መከለያው በቦታው ነው? ፑንታው ጠብቋል? ማጥበቂያው ቁልፍ ወጥቷል? ይህ በኦሪት እንዳነበብነው ዛቢያን እንደ ማጥበቅ ነው። የሚበሳው ዕቃ በእጅ አይያዝ፤ በሞርሳ ወይም በማጣበቂያ ይታሠር። ግድግዳም ከሆነ ከሶኬትና ከቧንቧ በላይና በታች ቀጥ ባለው መስመር ላይ አይበሳ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ያልፋሉና።

ልብስንም እንመልከት። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ጺጺት፣ የአንገት ሐብልና ያልታሠረ ረጅም ፀጉር በሚሽከረከር ነገር ይጠመጠማሉ። ጓንት ለጋለና ለሚቆርጥ ነገር ይጠቅማል፤ ሰፊ ጓንት ግን በሚሽከረከር ፑንታ አጠገብ ጠላት ነው፤ ጨርቁን ይዞ እጁን ይጎትታል። መነጽር ግን ለሁሉም ያስፈልጋል። የዓይን መለዋወጫ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።

ፑንታው በብረት መሀል ሲያዝ ማሽኑ ሰውየውን ሊያዞረው ይሞክራል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። አሜሪካኖች ለጠፈር በረራ መፍቻ ሲያሠሩ ያሳሰባቸው ይኸው ነበር፤ መሬት የሌለው ሰው ብሎኑን ላዙር ቢል ራሱ ይዞራልና፣ ሰውን የማያዞር ልዩ መፍቻ ተሠራ። እኛ ደግሞ መሬት ስላለን እንጠቀምበት፤ ሁለት እግር ለየት አድርጎ መቆም፣ ተጨማሪውን እጀታ ገጥሞ በሁለት እጅ መያዝ ያስፈልጋል። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባላል፤ መሰርሰሪያውም የላላውን እጅ አይቶ ይቀማል።

ዲስክ ከሁሉ ይከፋል። 125 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 260 ኪሎሜትር ያህል ይሮጣል። ቢሰበር ስባሪው በዚያ ፍጥነት ይመጣል፤ ከፊት ያለው ብቸኛ አጥር መከለያው ነው። አንዳንዶች መከለያውን አውልቀው 230 ሚሊሜትር የሆነውን ትልቁን ዲስክ በትንሹ ማሽን ላይ ይገጥማሉ። የትልቁ ዲስክ ወሰን በደቂቃ 6,600 ዙር ያህል ነው። በትንሹ ማሽን ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ከ470 ኪሎሜትር በላይ ይደርሳል፤ ዲስኩ ይህን አይችልም። በዲስኩ መሀል ባለው የብረት ቀለበት ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀንም እናንብብ፤ ዲስክ እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፋል፣ እርጥበትም ይጎዳዋል።

በሲሚንቶ ከተማ ሆነን ስለ አቧራም ዝም ማለት አንችልም። ኮንክሪትና ድንጋይ ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሲሊካ የሚባል ነገር አለበት፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በ2012 የእስራኤል ሐኪሞች ለወጥ ቤት የሚሆን ሰው ሠራሽ ሻይሽ ይቆርጡ በነበሩ 25 ሕሙማን ላይ ያዩትን የሳንባ በሽታ በሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ሥራቸው በደረቅ መቁረጥ ነበር፤ አንዳንዶቹም ሳንባ እስከ መቀየር ደረሱ። በውሃ መቁረጥ፣ አቧራ የሚስብ ማሽን መጠቀምና ተገቢውን ማስክ ማድረግ የሚባለው ለዚህ ነው። ይህ አደጋ እንደ ዲስክ ስባሪ ድምፅ የለውም፤ ሰውየው ሥራውን ከተወ ከዓመታት በኋላም ይመጣል።

ሥራው ሲያልቅ ቃታውን ለቅቀን መሽከርከሩ ፈጽሞ እስኪቆም እንጠብቅ እንጂ ሮጠን መሬት ላይ አናስቀምጠው። ፑንታ ወይም ዲስክ ስንቀይር፣ ስናጸዳም ሆነ ስናይ አስቀድመን ሶኬቱን እንንቀል፤ ባለ ባትሪ ከሆነ ባትሪውን እናውጣ። ሶኬት ሲነቀል ራሱ ሶኬቱ ተይዞ ነው እንጂ ገመዱ አይጎተትም። የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹ በደረቅ ብሩሽ ይጸዱ፤ መሣሪያ በውሃ አይታጠብም። የደነዘዘ ፑንታና መጋዝ ይሳል ወይም ይቀየር። ደነዝ መሣሪያ ገፍተህ ሥራ ይላልና፣ የሚገፋ እጅ ደግሞ ይንሸራተታል። ብረት ሠሪ አባቶቻችን ማታ ማታ ስለት ያወጡ የነበረው ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ማስቀመጫው ደረቅና የሚቆለፍ ቦታ ይሁን። በብዙ ቤት መሣሪያው በማማድ ውስጥ ከልጆች መጫወቻ ጎን ተቀምጦ ይታያል፤ ማማድ ደግሞ ሳይረን ሲነፋ በጨለማ የምንገባበት ክፍል ነው። እዚያ መጋዝ በመንገድ ላይ መኖር የለበትም። ባትሪው ከመሣሪያው ተለይቶ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ፤ በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ ሰው ባልተኛበት ሰዓት፣ ከመውጫ በር ርቆ ይሞላ። ያበጠ፣ የተመታ ወይም የሚያግል ባትሪ አይሞላም፤ ከቤት ወጥቶ ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ይሂድ እንጂ ወደ ቆሻሻ ገንዳ አይጣልም። ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው ደግሞ አትንኩት፤ አስቀድማችሁ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ፣ ከዚያ 101 ደውላችሁ ማጌን ዳቪድን ጥሩ። ለእሳት የሚደወለው 102 ነው።

ውድ አድማጮች፣ አባቶቻችን በእጃቸው ሙያ የተነሳ ተሰደቡበት እንጂ አላፈሩበትም። ያ ሙያ ዛሬም በእኛ ዘንድ አለ፤ መሣሪያው ብቻ ተለውጧል። ስለዚህ በቤታችሁ መሰርሰሪያ ካለ ልጆቻችሁን አታባርሯቸው። መነጽር አድርጉላቸውና ጥቂት ራቅ ብለው እንዲያዩ ጥሯቸው። ዕብራይስጡን እነሱ ያንብቡላችሁ፤ እናንተ ደግሞ አያያዙን አሳዩአቸው። ወናፍ ይነፋ የነበረው ልጅ የተማረው እንዲሁ ነበረ። ቀን ሠርታችሁ ማታ በሙሉ እጃችሁ እንጀራ የምትቆርሱ ያድርጋችሁ። ደኅና ሁኑ።